ኮኑ ገና መኪና ላይ እያለ፦ የትራፊክ ኮን እንዴት ይደረደራል? እንዴትስ ይጫናል?

ከአሶሳ ወደ ሆሞሻ ስትሄዱ አስፋልት ላይ የተነጠፈ ቅጠል ካያችሁ ማንም ሳይነግራችሁ ይገባችኋል፤ ከፊት የተበላሸ መኪና አለ ማለት ነው። ከቅጠሉ ቀጥሎ ድንጋይ ከተደረደረ ደግሞ «ቀስ በል፣ መስመርህን ልቀቅ» ማለት ነው። ይህ ምልክት በመላው አገሪቱ ይሠራል። የማያውቀው ሹፌር የለም።

ችግሩ ማታ ነው። ቅጠል አያበራም፣ ድንጋይም አያበራም። መኪናው ተጠግኖ ሲሄድ ድንጋዩን የሚያነሳ ሰው ከጠፋ ደግሞ ማስጠንቀቂያ የነበረው ነገር ራሱ አደጋ ይሆናል። በሞተር ለሚመጣ ሰው መሃል አስፋልት ላይ የቀረ አንድ ድንጋይ በቂ ነው።

የትራፊክ ኮን የመጣው ለዚህ ነው። ብርቱካናማ ቀለሙ ቀን ይታያል፣ ነጩ አንጸባራቂ ቀበቶው ማታ በመኪና መብራት ይበራል። መኪና ቢገጨውም ይተጣጠፋል እንጂ እንደ ድንጋይ ጎማ አይበላም። ግን ኮን ይህን ሁሉ የሚያደርገው ቅርጹን ጠብቆ ቦታው ከደረሰ ብቻ ነው። የተጨፈለቀ፣ ጭቃ የለበሰ፣ አንጸባራቂው የተፋቀ ኮን ከቅጠሉ ብዙም አይሻልም። ከመኪና ወድቆ መንገድ ላይ የቀረ ኮንማ ጭራሽ ሌላ ድንጋይ ሆነ ማለት ነው።

በመንገድ ሥራ ላይ ኮን መጫንና ማውረድ ብዙ ጊዜ ለአዲስ ገቢ የሚሰጥ ሥራ ነው። ቁጭ አድርጎ የሚያስረዳ ሰው የለም፤ ካቦው «ጫን!» ይላል፣ ይጫናል። ለዚህ ነው ዛሬ ይህን ቀላል የሚመስል ነገር በዝርዝር ልናየው የፈለግነው።

🔸 ይህ መንገድ ለምን ጥንቃቄ ይፈልጋል?

በሆሞሻ በኩል የሚያልፈው መንገድ ወደ ኩርሙክና ወደ ሱዳን ድንበር የሚወስድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የተከፈተው የሸርቆሌ የስደተኞች ካምፕም በዚሁ በሆሞሻ ወረዳ ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 በሱዳን ጦርነት ከተነሳ በኋላ ደግሞ በኩርሙክ በኩል ብዙ ሰው ተሻግሮ ገብቷል። ኩርሙክ አካባቢ ትልቅ የወርቅ ማዕድን ፕሮጀክትም አለ።

ስለዚህ የእርዳታ መኪናው፣ ከባዱ የጭነት መኪና፣ ሚኒባሱ፣ ባጃጁ፣ እግረኛውና ፍየሉ አንድ መንገድ ይጋራሉ። በአንድ በኩል የሚሄድ አንድ መስመር፣ በሌላው በኩል የሚመጣ አንድ መስመር፤ በቃ። አንዱ መስመር ለጥገና ሲዘጋ ሁሉም በቀረው ላይ ይገናኛል። የመንገዱ ሠራተኛ የቆመው ደግሞ ከመኪናው በሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ኮኑ ብቻ ነው።

🔸 ኮን ምን ዓይነት ዕቃ ነው?

ኮንን የፈጠረው ቻርልስ ስካንሎን የሚባል በአሜሪካ የሎስ አንጀለስ ከተማ የመንገድ ቀለም ቀቢ ነው። የፈጠራ መብቱ የተመዘገበለት እ.ኤ.አ. በ1943 ነው። ከዚያ በፊት መንገድ የሚዘጋው በእንጨት መከለያ ነበር። እንጨቱ በቀላሉ ይሰበራል፣ የሚገጨውን መኪናም ይጎዳል።

ዛሬ ኮን በተለያየ መጠን ይሠራል፤ የተለመዱት 45፣ 70 እና 90 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያላቸው ናቸው። በአሜሪካ የመንገድ ምልክቶች መመሪያ መሠረት ፍጥነት ላለበት መንገድና ለማታ ሥራ ከ70 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ኮን አይፈቀድም። ሁለት ነጭ አንጸባራቂ ቀበቶም ሊኖረው ይገባል፤ የላይኛው 15፣ የታችኛው 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው። የዚህ ዓይነቱ ኮን ክብደት ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 4.5 ኪሎ ግራም ነው።

ውስጡ ባዶ ስለሆነ አንዱ በሌላው ላይ ይገባል። ትልቁ ጥቅሙ ይህ ነው። የሚበላሸውም በአብዛኛው እዚሁ ላይ ነው።

🔸 አንድ ኮን ቢጎድል ምን ይሆናል?

እስቲ እናስላው። 50 ኪሎ ሜትር በሰዓት በሚነዳበት፣ ባለ ሁለት መስመር መንገድ ላይ 100 ሜትር ርዝመት ያለው ሥራ አለ እንበል። በሁለቱም ጫፍ ባንዲራ ያዥ ቆሞ መኪናውን በተራ ያሳልፋል። በዚሁ የአሜሪካ መመሪያ አሠራር፦

▪️ በመግቢያው መኪናውን ቀስ በቀስ የሚያወጣ ሰያፍ መስመር፦ 30 ሜትር፣ በየ6 ሜትሩ አንድ፣ 6 ኮን
▪️ በሥራው ጎን፦ በየ20 ሜትሩ አንድ፣ 4 ኮን
▪️ በመውጫው ሌላ ሰያፍ መስመር፦ 6 ኮን

ጠቅላላ 16 ኮን ማለት ነው።

አሁን በሥራው ጎን ካሉት 4 ኮኖች አንዱ መኪና ላይ ተጨፍልቆ ቢቀር ክፍተቱ 40 ሜትር ይሆናል። በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 40 ሜትር ለማለፍ 3 ሰከንድ ገደማ ነው የሚፈጀው። ለ3 ሰከንድ ያህል ሹፌሩ በቀኙ ወይም በግራው የሚያየው ባዶ ቦታ ነው። የቸኮለ ሰው ደግሞ ባዶ ቦታ ካየ ይገባበታል። እዚያ ውስጥ አጎንብሶ የሚሠራ ሰው አለ።

🔸 አደራደሩ

ማንጎ ጭኖ የሚያውቅ የአሶሳ ልጅ ይህን ክፍል ቶሎ ይረዳዋል። ከታች ያለው ማንጎ ለምን ይበላሻል? ከላይ ስለተጫነበትና ስለሞቀው። ኮንም እንደዚያው ነው።

1️⃣ ሁልጊዜ በቁሙ ደርድሩት። ሰፊው መቀመጫ ከታች፣ ጫፉ ወደ ላይ። ኮን ከፕላስቲክ የተሠራ ስለሆነ ሙቀት ያለሰልሰዋል። በጎኑ ተኝቶ ፀሐይ ላይ ከዋለ ጠፍጠፍ ይልና ሲበርድ እንደዚያው ይቀራል። የተጣመመ ኮን ደግሞ በትንሽ ንፋስ ይወድቃል።

2️⃣ መጠኑን አትቀላቅሉ። ትልቁ ትንሹ ላይ ሲጫን ወይ ይጣበቃል፣ ወይ ክምሩ ይንጋደዳል። 70ው ከ70ው፣ 45ቱ ከ45ቱ ጋር።

3️⃣ ጭቃውን ሳታጠፉ አትደርቡ። በክረምት የቀላው አፈር ከኮኑ ላይ ይጣበቃል። እንደዚያው ከተደረበ በጉዞው ንቅናቄ አሸዋው አንጸባራቂውን ቀበቶ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። እርጥብ ጨርቅና ውሃ በቂ ነው። ሬንጅ ከነካው በቤንዚን ወይም በናፍጣ አትጥረጉት፤ ፕላስቲኩንም አንጸባራቂውንም ይጎዳል።

4️⃣ ክምሩን አታስረዝሙ። ለ16 ኮን አንድ ረጅም ክምር ከመሥራት ሁለት ባለ 8 ክምር ይሻላል። የላይኛውን ለማውረድ የምትንጠላጠሉ ከሆነ ክምሩ በዝቷል ማለት ነው።

5️⃣ ከተጣበቀ አትርገጡት። አንዱ ሰው የታችኛውን መቀመጫ ይያዝ፣ ሌላው የላይኛውን ቀስ አድርጎ እያዞረ ወደ ላይ ይሳብ። በእርግጫ የተላቀቀ ኮን ብዙ ጊዜ መቀመጫው ይሰነጠቃል።

ስለ ወገባችሁም እናስብ። በአሜሪካ የሠራተኞች ጤና ተቋም ስሌት፣ ሁሉም ነገር ምቹ በሆነበት ሁኔታ እንኳ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ የሚያነሳው ከ23 ኪሎ እንዳይበልጥ ይመከራል። ባለ 8 ክምር 36 ኪሎ ይሆናል! ከመኪና ላይ ስታወርዱ 3፣ 3 እያደረጋችሁ ውሰዱ፤ 13.5 ኪሎ ነው። ጓንትም አይረሳ።

🔸 አጫጫኑ

ኮን ቀላል ዕቃ ስለሚመስል «ጣል አድርገው» ይባላል። ከሬንጅ በርሜል፣ ከአካፋና ከዶማ ጋር ይወረወራል። ከዚያ ሰው ይቀመጥበታል። የሚበላሸው እንዲህ ነው።

▪️ ክምሮቹን ከሹፌሩ ክፍል ጀርባ ካለው ግድግዳ ጋር አስጠግታችሁ በቁማቸው አድርጓቸው። ፍሬን ሲያዝ ጭነት የሚሄደው ወደ ፊት ነው፤ የሚመታበት ክፍተት ከሌለ አይፈነጠርም።

▪️ እሰሩት። የአውሮፓ የጭነት አስተሳሰር ደንብ፣ ጭነት ወደ ፊት በክብደቱ 80 በመቶ፣ ወደ ጎንና ወደ ኋላ ደግሞ በክብደቱ ግማሽ የሚገፋ ኃይል እንዲቋቋም ይጠይቃል። የእኛ 16 ኮን 72 ኪሎ ቢመዝን፣ ፍሬን ሲያዝ ወደ 58 ኪሎ የሚጠጋ ግፊት አለ ማለት ነው። በሲባጎ አይሆንም፤ ጠንካራ ገመድ ወይም የጭነት ቀበቶ ያስፈልጋል።

▪️ ገመዱ የሚያልፍበትን ቦታ ምረጡ። ነጩ ቀበቶ ላይ ካለፈ ይፍቀዋል። አንዱን ዙር መቀመጫዎቹ ላይ፣ ሌላውን ከክምሩ ጫፍ በላይ አድርጋችሁ ከስፖንዳው ጋር እሰሩት። ገመዱ ኮኑን እስኪጨመድደው ግን አታጥብቁት።

▪️ ቀርከሃ አለን አይደል? በፒክአፑ ወይም በአይሱዙው ጭነት ቦታ ላይ በቀርከሃ አራት ማዕዘን ክፍል መሥራት ብዙ ወጪ የለውም። ክምሩ እዚያ ውስጥ ከገባ ኮሮኮንች ላይ አይወላገድም። ክፍሉ ራሱ ግን ከመኪናው ጋር ይታሰር፣ የተሰነጠቀ ጫፉም ይሸፈን።

▪️ ከላይ ምንም አይጫን። በርሜል፣ ሲሚንቶ፣ ጎማ፣ ሰው፤ ምንም።

▪️ ለማደላደያ ድንጋይ አትጫኑ። ንፋስ ለሚበዛበት ቦታ በከረጢት ግማሽ ድረስ የተሞላ አሸዋ መቀመጫው ላይ ይደረጋል። ኮኑ ላይ የተቀመጠ ድንጋይ መኪና ሲገጨው ተፈናጥሮ ሰው ይመታል።

▪️ የማስጠንቀቂያ ምልክቶቹን መጨረሻ ላይ ጫኑ። መጨረሻ የተጫነ መጀመሪያ ይወርዳል፤ መንገድ ላይም መጀመሪያ የሚያስፈልገው ምልክቱ ነው።

ጉዞ ከጀመራችሁ ከጥቂት ኪሎ ሜትሮች በኋላ አቁማችሁ ገመዱን አንድ ጊዜ እዩት። ጭነት በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ይቀመጣል፣ ገመድም ይላላል።

🔸 ማውረድና ማንሳት፦ ሰው የሚጎዳበት ሰዓት

ከሁሉም የሚያስፈራው ይህ ነው። መኪናው ቀስ እያለ ይሄዳል፣ አንድ ልጅ የኋላ ስፖንዳ ላይ ተንጠልጥሎ ኮን ይጥላል። ፍጥነት ይጠቅማል፣ ሥራው ቶሎ ያልቃል። ግን መኪናው አንድ ጉድጓድ ሲገባ ልጁ የሚወድቀው ከኋላ በሚመጣው መኪና ፊት ነው።

በአንዳንድ አገሮች ለዚህ ሥራ ብቻ የተሠራ፣ ሠራተኛው ታጥሮ የሚቀመጥበት መኪና አለ። በካሊፎርኒያ ደግሞ ኮኑን ራሱ የሚያስቀምጥና የሚያነሳ ማሽን ሠርተዋል። እኛ ጋ ያ ከሌለ መፍትሔው ቀላል ነው፦ መኪናው ይቁም፣ ሰው ይውረድ፣ 3 ኮን ይያዝ፣ በእግሩ ሄዶ ያስቀምጥ።

ቅደም ተከተሉም አለው፦

➡️ ስታስቀምጡ፦ መጀመሪያ የማስጠንቀቂያ ምልክት፣ ቀጥሎ ባንዲራ ያዦች፣ ከዚያ መኪናው ከሚመጣበት በኩል ጀምራችሁ ወደ ሥራው ኮን በኮን።
⬅️ ስታነሱ፦ በተቃራኒው። ከመጨረሻው ኮን ጀምራችሁ ወደ መግቢያው ተመለሱ። የማስጠንቀቂያ ምልክቱ የሚነሳው ከሁሉም በኋላ ነው። እንዲህ ሲሆን በማንኛውም ሰዓት በእናንተና በሚመጣው መኪና መካከል ኮን አለ።

ፊታችሁን ሁልጊዜ ወደሚመጣው መኪና አድርጉ። መኪናችሁ ወደ ኋላ የሚመጣ ከሆነ ሹፌሩ የሚያየው አንድ ጠቋሚ ሰው ይቁም። አንጸባራቂ ጃኬት ሳይለበስ አስፋልት ላይ አይወጣም። ስልክም ኪስ ውስጥ ይቆይ።

ሲያልቅ ቁጠሩ። 16 አስቀምጣችሁ 15 ካነሳችሁ አንዱ መንገድ ላይ ነው። ተመልሳችሁ ፈልጉት።

🔸 መንገድ ሥራ ላይ ላልሆናችሁም

ኮን ለሱቅ በር መከለያ ወይም ለመኪና ማቆሚያ ቦታ መያዣ አይደለም። ከሥራ ቦታ አንድ ኮን ያነሳ ሰው ከላይ ያየነውን የ40 ሜትር ክፍተት ከፈተ ማለት ነው። የወደቀ ኮን ካያችሁ ለባንዲራ ያዡ ንገሩት፤ ራሳችሁ ወደ አስፋልቱ አትግቡ። ባጃጅና ሞተር የምትነዱ ደግሞ በሁለት ኮን መካከል ክፍተት ስላለ መንገድ ተከፈተ ማለት እንዳልሆነ አስቡ።

✅ ከመነሳታችሁ በፊት 5 ጥያቄ፦
1. ኮኖቹ በቁማቸው ናቸው?
2. መጠናቸው አንድ ዓይነት ነው?
3. ነጩ ቀበቶ ንጹሕ ነው?
4. ክምሩ ታስሯል? ከላዩስ ምንም የለም?
5. ስንት እንደሆኑ ተቆጥሯል?

አምስቱን ለማየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። መንገድ ሥራ ላይ የሚውል ጓደኛ፣ ወንድም ወይም እህት ካላችሁ ሼር አድርጉላቸው። የጭነት አስተሳሰር ላይ የራሳችሁ ዘዴ ካላችሁም ኮመንት ላይ ጻፉልን።