አምባዛና ሰዓቷ

በአሰቦት ሜዳ እኩለ ቀን ላይ እጁን ኩሬ ውስጥ የነከረ ሰው «እንዲህ ለብ ባለ ውሃማ ዓሣ ሳይነግሩት ይረባል» ቢል አይፈረድበትም። አገሩ ቆላ ነው፤ ከአሰቦት ተራራ ግርጌ ጥላ ይፈለጋል። ግምቱ ግን ቆሮሶ ለሚባለው ዓሣ ቢሠራም ለአምባዛ አይሠራም።

አምባዛ ጢማም ናት፤ ከውሃ ብቻ ሳይሆን ከአየርም ትተነፍሳለች፤ ጭቃ አይበግራትም፤ ያገኘችውን ትበላለች። ቅርፊት ስለሌላት ብዙ ምእመን አይነካትም። ለአርቢ ግን ከእሷ የተሻለ ቻይ ዓሣ ማግኘት ያስቸግራል።

ችግሯ አንድ ነው፦ ኩሬ ውስጥ ትወፍራለች፣ እንቁላሏም ይበስላል፣ አትጥለውም። በተፈጥሮ የምትጥለው ዝናብ ሐይቁንና ወንዙን ሞልቶ ሣሩን ሲያጥለቀልቅ፣ በሌሊት፣ ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ወጥታ ነው። ኩሬ ጎርፍ የለውም። ስለዚህ አርቢው ሆርሞን ይወጋታል፤ ከዚያ በኋላ የሚያዝዘው የውሃው ሙቀት ነው።

ማታ በ2 ሰዓት የተወጋች አምባዛ ውሃዋ 25 ዲግሪ ከሆነ ከ11 ሰዓት ገደማ በኋላ፣ ማለትም በማግስቱ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ትደርሳለች። ውሃው 30 ዲግሪ ከሆነ 7 ሰዓት ይበቃታል፤ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ መነሳት ግድ ነው። 20 ዲግሪ ከሆነ ደግሞ ወደ 21 ሰዓት ስለሚፈጅባት እስከ ማግስቱ ከቀኑ 11 ሰዓት መታገሥ ነው። ያው መርፌ፣ ያቺው ዓሣ፣ የ14 ሰዓት ልዩነት! ቀድሞ ሆዷን የተጫነ እንቁላል አይወጣለትም፤ ኃይል ከጨመረ ይጎዳታል። የዘገየ እንቁላሉ ያልፍበትና ዘር አይቀበልለትም። ወንዱ በመጨመቅ ዘሩን ስለማይሰጥ ታርዶ ነው የሚወጣለት፤ ሰዓቱን የሳተ አርቢ እንግዲህ እንቁላሉንም ወንዱንም ያጣል።

የሚያበሳጨው፣ አንዳንዱ ቴርሞሜትሩን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ የአየሩን ሙቀት ያነብባል። ሌላው ቀን በ8 ሰዓት ለክቶ ሌሊቱንም በዚያው ያሰላል። አምባዛዋ የምትኖረው ውሃው ውስጥ ነው፤ ሰዓቱ የሚሄደውም ጎሕ ሲቀድ ባለው ቅዝቃዜ ጭምር ነው። ጥልቀት የሌለው ገንዳ ቀን ቶሎ ይግላል፣ ሌሊት ቶሎ ይቀዘቅዛል። ወደ 1800 ሜትር ከፍታ ላይ ላለችው ጭሮ ይህ ከአሰቦት ይልቅ ያሳስባል፤ ከ2000 ሜትር በላይ ላለችው ሰበታ፣ የዓሣ ምርምር ማዕከሉ ባለበት፣ ደግሞ የበለጠ።

ዘር ከነካው በኋላም ስሌቱ ይቀጥላል። እንቁላሉ በ20 ዲግሪ ለመፈልፈል ወደ 57 ሰዓት ይፈልጋል፣ በ25 ዲግሪ 27፣ በ30 ዲግሪ 20። በቀዝቃዛ ውሃ በዘገየ ቁጥር ሻጋታ እንቁላሉን ለመውረር ጊዜ ያገኛል። ሙቀት መጨመርም ገደብ አለው፦ የሞቀ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ያነሰ ነው፤ እንቁላል ደግሞ እንደ እናቱ ብቅ ብሎ አየር አይስብም።

ቆሮሶ ግን ውሃው ከ22 ዲግሪ በላይ ከሆነላት መርፌ አትሻም። ወንዱ ጉድጓድ ይቆፍራል፣ ሴቷ ጥላ እንቁላሉን በአፏ ትይዛለች። ቆላ ላይ ጭንቀቱ መብዛቷ ነው፤ ጫጩት ኩሬውን ሞልቶ ሁሉም ቀጭጮ ይቀራል። ገና የተፈለፈሉ ጫጩቶች ወደ 36 ዲግሪ በሚጠጋ ውሃ ለሳምንታት ሲቆዩ ደግሞ ሴት መሆን የነበረባቸው ብዙዎቹ ወንድ ሆነው ያድጋሉ።

በባሌ ተራራ ወንዞች የተለቀቀው ትራውት የተባለው ዓሣ የሁለቱም ተቃራኒ ነው። እንቁላሉ በ10 ዲግሪ ውሃ አንድ ወር ያህል ቆይቶ ይፈለፈላል፤ ዓሣው ራሱ የአሰቦት ኩሬ ውስጥ ቢገባ ከቀናት አያልፍም።