ግሪሳ የማይደፍረው እህል

ለጠላ ገብስን የሚያህል ምቹ እህል የለም። በብርድም ይበቅላል፤ ብቅሉ ኃይለኛ ነው፤ ገለባውም ድፍድፉ እንዳይላቁጥ ያግዛል። ነገር ግን ገብስ የደጋ እህል ነው። ከሰቆጣ ወደ አበርገሌ፣ ወደ ዝቋላና ወደ ሰሃላ፣ በጠቅላላው ወደ ተከዜ ቆላ ሲወረድ ጎተራ ውስጥ የሚገኘው ማሽላ ነው። በምግብ ሳይንስ ባለሙያነቴ ከዋግ ኽምራ ጠላ ጠማቂዎች ጋር ደጋግመን የምንነጋገረውም ስለዚሁ ማሽላ ነው።

የመጀመሪያው ችግር ብርዱ ነው። የማሽላ ብቅል በደንብ የሚወጣው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ሲሆን፣ ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናትና ሌሊቷ ይቀዘቅዛል። አንዱ ፍሬ ሥር ሲያወጣ ሌላው ገና ያብጣል። ሁሉም እስኪደርስ ሲጠበቅ የቀደመው ይሻግታል፤ የሻገተ ብቅል ደግሞ ታጥቦ አይድንምና መጣል አለበት። ልምድ ያላቸው እናቶች ውሃውን እየለወጡ አንድ ቀን ያህል ይዘፈዝፉታል፤ ከዚያ አጥልለው፣ በቅጠልና በማዳበሪያ ሸፍነው ምድጃ አጠገብ ያኖሩታል። እኔ የምጨምረው፣ ሳስቶ ይነጠፍ፣ ጧትና ማታም ይገላበጥ የሚለውን ብቻ ነው።

ከዚህ የሚከብደው የቀዩ ማሽላ ጉዳይ ነው። ግሪሳ ነጩን ማሽላ ሲወርር ቀዩን፣ በተለይ ዝንጋዳውን፣ በአብዛኛው ያልፈዋል። ምክንያቱ ከፍሬው ልጣጭ ሥር ያለው አፍ የሚያኮማትር ታኒን ነው። አንዲትን እናት ለምን ነጩን እንደማይዘሩ ብጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ነጩን የምዘራው ለወፍ ነው፤ ቀይዋ ግን ለእኔ ትተርፋለች» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ይሁንና ያው ታኒን ስታርቹን ወደ ስኳር የሚለውጡትን የብቅሉን ኢንዛይሞች ይዞ ያዳክማቸዋል፤ ጠላውም ሳይጎለምስ ይቀራል። በደቡብ ምዕራብ ኡጋንዳ ገበሬዎች ለዚህ መላ አላቸው፤ ቀዩን ማሽላ ከማብቀላቸው በፊት በእንጨት አመድ ያሹታል። አመዱ የታኒኑን ጉልበት ይሰብራል። አመድ የሌለበት የዋግ ቤት የለምና ይህን በጥቂት እህል እየሞከርን ነው። ሰቆጣ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከልም ዝርያ ሲመርጥ ከምርቱና ድርቅ ከመቋቋሙ እኩል ብቅልነቱን እንዲያይልን እመኛለሁ።

እንኩሮን በተመለከተ ግን ተማሪው እኔ ነኝ። የገብስ ስታርች 60 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈታል፤ የማሽላው ግን ወደ 70 ካልተጠጋ፣ አንዳንዱም 70ን ካላለፈ፣ አይፈታም። የብቅል ኢንዛይም ደግሞ በዚያ ሙቀት ይሞታል። የቢራ ፋብሪካ ይህን የሚያልፈው እህሉን ለብቻው ቀቅሎ፣ አቀዝቅዞ፣ ከዚያ ብቅል በመጨመር ነው። እናቶቻችን ዱቄቱን በውሃ አርሰው ምጣድ ላይ እንኩሮ ሲያንኮሩ፣ ቂጣውንም ጋግረው ሲቆርሱ የሚሠሩት ይህንኑ ነው። እጅ የማያቃጥል ሲሆን ብቻ፣ በወይራ በታጠነው ጋን ውስጥ ብቅልና ጌሾ ወዳለበት ጥንስስ ይጨምሩታል። ስለዚህ ማገዶ ይፈጃል ብለን ጥሬውን ዱቄት ጨምሩት እያልን መምከር የለብንም። ጥሬ ስታርች በቀዝቃዛ ጋን ውስጥ በቀላሉ አይፈታም፤ አብዛኛው አተላ ሆኖ ይቀራል። ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ብናቀርብላቸው ይሻላል።

እ.ኤ.አ. በ1988 ናይጄሪያ የገብስ ብቅል ከውጭ እንዳይገባ ስትከለክል የቢራ ፋብሪካዎቿ ወደ ማሽላ ዞሩ። የማሽላ ብቅል ብቻውን ስላልበቃቸው በፋብሪካ የተመረተ ኢንዛይም መጨመር ነበረባቸው። ማሽላ የሚያንሰው ቤታ አሚሌዝ የተባለው ኢንዛይም ነው፤ ሰቆጣ ገበያ ላይ ግን እሱን ከደሃናና ከጋዝጊብላ ደጋ በሚመጣው ገብስ ውስጥ ማግኘት ይቻላል። ድፍድፉ ማሽላ ሆኖ ከብቅሉ ሲሶው ገብስ ቢሆን ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል።

ድርቅ በማይለየው አገር እህል ለጠላ አይዋል የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ። ስጋታቸው ይገባኛል፤ ረሃቡን አብረን አይተናል። ነገር ግን ለብዙ ሴት አባወራ የልጅ ደብተርና የጨው መግዣ የሚገኘው ከጠላ ሽያጭ ነው፤ አተላውም ለከብት ይሆናል። እህል የሚባክነው ጋኑ ሲበላሽ ነው፤ መከላከል የምንችለውም ይህንን ነው።

ከሁሉ አጥብቄ የምናገረው ስለ ቡቃያው ነው። ድርቅ የመታው ለጋ ማሽላ ከብት እንደሚገድል የዋግ እረኛ ያውቃል። ያው ሳያናይድ የሚያመነጭ ነገር በማሽላ ብቅል ቡቃያ ውስጥም አለ። ገብስ በዚህ ረገድ አያሰጋም፤ ከነቡቃያው የሚፈጨውም ለዚህ ነው። የማሽላው ብቅል ግን ፀሐይ ላይ በደንብ ይድረቅ፣ በእጅ ይታሽ፣ ሥሩና ቡቃያው ሙልጭ ብሎ እስኪወጣ በሰፌድ ይንገዋለል። የተለየው ገለባ ለፍየልም ለዶሮም አይሰጥ፤ ይቀበር።