ዓይን ያወጣ የዋጋ ልዩነት በዓይን መድኃኒት ገበያ

አንድ አምራች ለአንድ ሥራ የሚውሉ ሁለት ዕቃዎችን ቢያቀርብና አንደኛውን በ50፣ ሌላውን በ2,000 ዶላር ቢሸጥ ገዢው ወደየትኛው ይሄዳል? የገበያ ሰው መልሱን ለመስጠት ሁለቴ አያስብም። በዓይን መድኃኒት ንግድ ውስጥ ግን ከ2006 ወዲህ የታየው፣ ውዱ ዕቃ ከርካሹ ጎን ቆሞ በቢሊዮን የሚቆጠር ገንዘብ ሲሰበስብ ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዕቃዎቹ “አቫስቲን” እና “ሉሴንቲስ” የተባሉ መድኃኒቶች ሲሆኑ፣ የሁለቱም ምንጭ ጄነንቴክ የተባለው የካሊፎርኒያ ኩባንያ ነው። የሚወጉትም ማኩላ የተባለው የዓይን ክፍል በእርጅና ምክንያት ለተጎዳባቸው ሰዎች ነው። ማኩላ በዓይን የኋላ ግድግዳ መካከል የሚገኝ፣ ለማንበብና የሰው ፊት ለመለየት የሚያገለግል ትንሽ ቦታ ነው። ይህ ቦታ ሲበላሽ በሽተኛው ዙሪያውን እያየ መሐሉ ይጠፋበታል። ሕመሙ “ደረቅ” እና “እርጥብ” ተብሎ የሚከፈል ሲሆን፣ በእርጥቡ ዓይነት ከማኩላው ሥር ያልተፈለጉ ቀጫጭን የደም ሥሮች በቅለው ደምና ፈሳሽ ያንጠባጥባሉ። ሕክምና ካላገኘ በወራት ጊዜ ውስጥ የማንበብ ችሎታን ይወስዳል።

ከአንድ ግንድ ሁለት ቅርንጫፍ

የሐሳቡ መነሻ ካንሰር ነው። ጁዳ ፎክማን የተባሉት የቦስተን ቀዶ ሐኪም፣ ዕጢ የሚያድገው አዳዲስ የደም ሥሮችን ወደ ራሱ እየሳበ ስለሆነ ሥሮቹን ማገድ ይበጃል የሚለውን ሐሳብ በ1971 አቀረቡ። በ1989 ደግሞ የጄነንቴኩ ተመራማሪ ናፖሊዮን ፌራራና ባልደረቦቻቸው የደም ሥር እንዲያድግ የሚያዝዘውን ፕሮቲን ለይተው አወጡ። ይህን ፕሮቲን የሚያስረው አቫስቲን በፌብሯሪ 2004 ለአንጀት ካንሰር ተፈቀደ። ኩባንያው ለዓይን የሚሆን፣ በመጠኑ ያነሰ ሌላ ሞለኪውል አዘጋጅቶ በጁን 30 ቀን 2006 ፈቃድ አገኘ፤ ሉሴንቲስ ተብሎም በአንድ መርፌ 1,950 ዶላር ተተመነ።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ተከሰተ። የማያሚው የዓይን ሐኪም ፊሊፕ ሮዘንፌልድ በ2005 የካንሰሩን አቫስቲን በጥቂቱ ዓይን ውስጥ ወግተው ውጤቱን ይፋ አደረጉ። አንዱ ብልቃጥ 4 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ አንድ ዓይን የሚፈልገው 0.05 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። ብክነቱ ሳይታሰብ ከአንድ ብልቃጥ 80 መርፌ ይወጣል ማለት ነው። መድኃኒት ቤቶች ብልቃጡን እየከፈቱ በትናንሽ ስሪንጅ ሲያከፋፍሉት የአንዱ መርፌ ዋጋ ወደ 50 ዶላር ወረደ። የአሜሪካ ሕግ ሐኪም አንድን የተፈቀደ መድኃኒት ለሌላ ሕመም እንዲያዝዝ ስለማይከለክል፣ አሠራሩ በአጭር ጊዜ ተስፋፋ።

ጄነንቴክ በኦክቶበር 2007 አቫስቲንን ለእነዚህ አከፋፋይ መድኃኒት ቤቶች መሸጡን እንደሚያቆም አስታወቀ። የሰጠው ምክንያት የጥራትና የደኅንነት ሥጋት ነበር። የዓይን ሐኪሞች ማኅበራት ተቃውሞ ካሰሙ በኋላ ግን ሐኪሞች ራሳቸው ገዝተው ወደ መድኃኒት ቤቶቹ እንዲልኩ ስምምነት ተደረሰ።

ሁለቱን ፊት ለፊት ለማወዳደር ወጪውን የቻለው አምራቹ ሳይሆን የአሜሪካ መንግሥት ነው። በ2011 ይፋ የሆነው፣ ከ1,200 የማያንሱ በሽተኞች የተካተቱበት ጥናት እንደሚያመለክተው፣ በየወሩ ሉሴንቲስ የተወጉት ከአንድ ዓመት በኋላ በማያ ሰሌዳው ላይ በአማካይ 8.5 ፊደል፣ አቫስቲን የተወጉት ደግሞ 8.0 ፊደል ጨምረው አንብበዋል። ልዩነቱ ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም። ከባድ የጤና እክል የገጠማቸው ግን በአቫስቲን በኩል 24.1 በመቶ፣ በሉሴንቲስ በኩል 19.0 በመቶ ነበሩ። ይህም ለክርክሩ መቀጠል አንዱ ምክንያት ሆኗል።

ትርፉ የማን ነው?

ለገበያ ሰው ትልቁ ትምህርት ያለው በባለቤትነቱ ላይ ነው። የስዊዘርላንዱ ሮሽ የጄነንቴክን ቀሪ አክሲዮኖች በ2009 በ46.8 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶ ሙሉ ባለቤት ሆነ። ከአሜሪካ ውጭ ሉሴንቲስን የሚሸጠው ሌላው የስዊዘርላንድ ኩባንያ ኖቫርቲስ ሲሆን፣ ከሽያጩ ለጄነንቴክ ድርሻ ይከፍላል። ኖቫርቲስ ራሱ ደግሞ በ2021 በ20.7 ቢሊዮን ዶላር እስኪሸጠው ድረስ፣ ድምፅ ከሚሰጡት የሮሽ አክሲዮኖች አንድ ሦስተኛውን ያህል ይዞ ቆይቷል። በወረቀት ላይ ተወዳዳሪ፣ በኪስ ግን ዝምድና ያላቸው ናቸው ማለት ነው።

የጣሊያን የንግድ ውድድር ባለሥልጣን በማርች 2014 ይህን ዝምድና መርምሮ፣ ኩባንያዎቹ አቫስቲን ለዓይን አደገኛ ነው የሚል ሥጋት በመንዛት ገዢውን ወደ ውዱ ገፍተዋል ሲል በሁለቱ ላይ በድምሩ 182.5 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣ። የመንግሥት ጤና አገልግሎት በ2012 ብቻ ከ45 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ተጨማሪ ወጪ እንደደረሰበትም ገልጿል። ኩባንያዎቹ ጥፋቱን አስተባብለው ይግባኝ ቢሉም፣ የጣሊያን የበላይ አስተዳደር ፍርድ ቤት በ2019 ቅጣቱን አጽንቶታል። የፈረንሳዩ ባለሥልጣን በ2020 የጣለው የ444 ሚሊዮን ዩሮ ቅጣት ግን በ2023 በፓሪስ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ተሽሮ ነበር።

በእንግሊዝም 12 የሰሜን አካባቢ የጤና ግዢ አካላት ለሕመምተኞች አቫስቲንን በአማራጭነት በማቅረባቸው ባየርና ኖቫርቲስ ከሰሷቸው። የአንዱ መርፌ ዋጋ 28 ፓውንድ ሲሆን፣ ባየር ከአሜሪካ ውጭ የሚሸጠው “አይሊያ” ደግሞ 816 ፓውንድ ነበር። ፍርድ ቤቱ በ2018 ለገዢዎቹ ፈረደ፤ በ2020ም ይግባኙ ውድቅ ሆነ።

ርካሹ ዕቃ ገበያውን ጠቅልሎ ያልያዘበት ሌላም ምክንያት አለ። በአሜሪካ የአረጋውያን የመንግሥት ጤና መድን፣ ሐኪሙ ገዝቶ ለሚወጋው መድኃኒት አማካይ የመሸጫ ዋጋውን ከ6 በመቶ ጭማሪ ጋር እንዲከፍል ሕጉ ይደነግጋል። የ2,000 ዶላሩ መርፌ 120 ዶላር፣ የ50 ዶላሩ 3 ዶላር ያስገኛል። ከ2013 ወዲህ በበጀት ቅነሳ ጭማሪው ቢሸራረፍም ዋጋው ሲጨምር ኮሚሽኑ አብሮ መጨመሩ አልቀረም። የድለላን ሥራ ለሚያውቅ ይህ ማብራሪያ አያሻውም።

የርካሹም አበሳ

ይሁን እንጂ አምራቾቹ የሚያነሱት ሥጋት ባዶ አይደለም። አንድ ብልቃጥ በብዙ ስሪንጅ ሲከፋፈል ንጽሕናው ከተጓደለ ጉዳቱ የአንድ ሰው ብቻ አይሆንም። በ2011 በማያሚ አካባቢ በዚህ መንገድ የተዘጋጀ አቫስቲን የተወጉ 12 ሰዎች በተህዋስያን ተመርዘዋል። በ2023 በፓኪስታን ፑንጃብ ክፍለ ሀገር በርካቶች በተመሳሳይ መርፌ ሳቢያ የዓይን ብርሃናቸው ተጎድቷል። ስለዚህ ዋጋው ዝቅ የሚለው አስተማማኝ አዘጋጅ ሲኖር ብቻ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት አቫስቲንን፣ በሳይንሳዊ ስሙ ቤቫሲዙማብን፣ በ2013 ለዓይን ሕክምና ከመሠረታዊ መድኃኒቶች መዝገብ አስገብቶታል። ጉዳዩ ኢትዮጵያንም ይነካል። በ2005/06 የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከዓይነ ስውርነት መንስኤዎች የዓይን ሞራን 49.9 በመቶ፣ ትራኮማን 11.5 በመቶ ሲያደርስ፣ የማኩላ ሕመምም 4.8 በመቶ ይዞ ተመዝግቧል። መርፌውም አንዴ ተወግቶ የሚያበቃ ሳይሆን በየወሩ ወይም በየጥቂት ወሩ የሚደገም ስለሆነ፣ ከኪሱ ለሚከፍል ቤተሰብ የዋጋው ልዩነት ማየትና አለማየትን ይወስናል።

ገበያው አሁንም እየተለዋወጠ ነው። የሉሴንቲስ ተመሳሳይ የሆነው “ባዩቪዝ” በ2022 በ1,130 ዶላር አሜሪካ ገብቷል። በዚያው ዓመት የሮሽ አዲስ መድኃኒት “ቫቢስሞ” በ2,190 ዶላር ወጥቷል፤ መለያው መርፌውን አራርቆ መውጋት መቻሉ ነው። በ2023 ደግሞ ለደረቁ ዓይነት “ሳይፎቭሬ” እና “አይዘርቬይ” ተፈቅደዋል፤ እነዚህ የጉዳቱን ግስጋሴ ያዘገያሉ እንጂ የጠፋውን አይመልሱም።

በሜይ 2024 የአውሮፓ ኅብረት ያው ቤቫሲዙማብ ለዓይን ተብሎ ተዘጋጅቶ “ሊቴናቫ” በሚል ስም እንዲሸጥ ፈቅዷል። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ በዚህ ገበያ ግን ከስሙ ጋር ዋጋውም አብሮ ይወጣል። ገዢዎች የሚጠብቁት አዲሱ ስም ንጽሕናውን ብቻ ይዞ ይመጣ እንደሆነ፣ ወይም የ50 ዶላሩን ዘመን ይዞት ይሄድ እንደሆነ ነው።