የክሬዎን ልብ

ቴአትር ስናነብ ሰው ያደረገውን ብቻ ሳይሆን ስለ ምን እንዳደረገው መመርመር ይገባናል። የግሪኩ ባለቅኔ ሶፎክሊስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ441 ዓመት ገደማ የደረሰው «አንቲጎኔ» የሚባለው አሳዛኝ ቴአትር ለዚህ ይረዳናል።

የአንቲጎኔ ሁለት ወንድሞች ስለ ቴቤስ ዙፋን ተዋግተው ተገዳደሉ። አጎታቸው ክሬዎንም ነገሠና፥ የባዕድ ጦር አምጥቶ አገሩን የወጋውን ፖሊኔቄስን የቀበረ ይሙት ብሎ ዐወጀ። አንቲጎኔ ግን ወንድምዋ የአሞራ ሲሳይ እንዳይሆን አፈር አለበሰችው። ስትያዝም አልካደችም፤ የአማልክት ሕግ ከንጉሥ ዐዋጅ ይበልጣል አለች። እኅትዋ እስሜኔም ወንድምዋን ትወድ ነበር፤ ነገር ግን ፈራች።

ክሬዎንን ክፉ ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። እርሱ ግን በመጀመሪያ ያሰበው ለአገሩ ጸጥታ ነበረ። ልጆች ሆይ፥ ንግግሩ የሚለወጥበትን ስፍራ ፈልጉ። ክርክሩ ሲበረታ የአገሩን ነገር ትቶ፥ በሴት አልሸነፍም ይላል። የአንቲጎኔ እጮኛ የሆነው ልጁ ሄሞን ሕዝቡ እንዳዘነላት ቢነግረው ተቈጣ። ዕውሩ ነቢይ ቲሬስያስ ቢገሥጸው ገንዘብ ወዳድ ብሎ ሰደበው። እንግዲህ የሚጠብቀው ሕጉን ነውን ወይስ ክብሩን?

በኋላ ፈርቶ ተመለሰ። ሽማግሌዎቹ አስቀድመህ ልጅቱን ከዋሻው አውጣ አሉት፤ እርሱ ግን አስቀድሞ ሬሳውን ሊቀብር ሄደ። ወደ ዋሻው ሲደርስ አንቲጎኔ ሞታ፥ ሄሞንም አጠገብዋ ሲያለቅስ አገኘ።