ገንቦ ተሸካሚዋ ሐረግ

ሐረግ ሲባል ወዲያው የሚታሰበን በአጥርና በዛፍ ላይ ተጠምጥሞ የሚወጣው፥ ለእንጨት ማሰሪያም የሚሆነው ተክል ነው። ዛሬ የምንናገርላት ግን በየቅጠሏ ጫፍ ፈሳሽ የቋጠረ ገንቦ የምታንጠለጥል፥ በቦርኔዮ፥ በሱማትራና በፊሊፒንስ ዱር የምትበዛ ሐረግ ናት። የዕፅዋት ሊቃውንት ኔፔንቴስ ይሏታል። ዓይነቷ ከ150 በላይ ሲሆን፥ ጥቂቱ በምሥራቅ እስከ ኒው ካሌዶንያ፥ በምዕራብም እስከ ሲሸልስና እስከ ማዳጋስካር ይደርሳል። በዋናው የአፍሪካ ምድር ላይ ግን አትበቅልምና በአገራችን ዱር የሚፈልጋት ሰው በከንቱ ይደክማል።

በመጀመሪያ ስለ ገንቦው እንናገር። ብዙ ሰው አበባ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ቅጠል ነው። ሐረጊቱ ቅጠል ስታወጣ ከግንዱ አጠገብ ሰፊ አረንጓዴ ገጽ ትዘረጋለች። የዚህም መካከለኛ ጅማት ከጫፉ አልፎ እንደ ክር ይረዝማል፤ የክሩም ጫፍ ያብጥና ወደ ላይ ታጥፎ ገንቦ ይሆናል። እንደ ሊቃውንቱ አነጋገር እውነተኛው የቅጠል ገጽ ይኸው ገንቦ ነው፤ እኛ ቅጠል የምንለው ሰፊው ክፍል ደግሞ የቅጠሉ መነሻ ተስፋፍቶ የሆነ ነው። ገንቦው ዕድገቱን እስኪጨርስ ድረስ ክዳኑ እንደ ተገጠመ ይቆያል፤ ፈሳሹንም ተክሉ ራሱ አስቀድሞ ከውስጥ ያፈልቀዋል። ከዚያ በኋላ ክዳኑ አንድ ጊዜ ይከፈታል፤ ተመልሶ አይዘጋም። ተማሪዎች «ዝንብ ሲገባበት ግጥም ይላል» ሲሉ እንሰማለን፤ ይህ ከሌላ ተክል ጋር ማደባለቅ ነው። የክዳኑ ሥራ ዝናብ ገብቶ ፈሳሹን እንዳያቀጥነው መከለልና ከሥሩ በሚያመነጨው ወለላ እንግዳ መጥራት ነው።

ሐረጊቱ በልጅነቷ ቅጠሏን ዙሪያውን ዘርግታ መሬት ላይ ትቀመጣለች። ያን ጊዜ ገንቦዎቿ ሆደ ሰፊ ናቸው፤ በፊታቸውም ጠርዛቸው የተዘነጠለ ሁለት ክንፎች አሏቸው። ስትጎለምስ ግን ከጣት የቀጠነው ግንዷ ዛፍ ተደግፎ 15 ሜትርና ከዚያም በላይ ይወጣል። የቅጠሉም ክር በቅርንጫፍ ላይ ዙሮ ይጠመጠማል፤ ሐረጊቱን ከንፋስ የሚያጸናት ይኸው ነው። ከላይ የሚወጡት ገንቦዎች ከታች ጠበው ወደ አፋቸው እንደ ዋንጫ የሚሰፉ ሲሆኑ፥ ክንፎቹ ቀርተው በስፍራቸው ሁለት መስመር ብቻ ይታያል። ክሩ የታችኛውን ገንቦ ከፊቱ፥ የላይኛውን ከጀርባው ይይዛል። ከአንዲት ሐረግ የተገኙትን ሁለት ገንቦዎች ያየ ሰው ሁለት ልዩ ተክሎች ናቸው ቢል አይፈረድበትም።

ወጥመዱ ያለው በከንፈሩ ነው። በአፉ ዙሪያ ያለው ከንፈር በጥቃቅን ትልሞች የታረሰ ነው። ሲደርቅ ጉንዳን ያለ ችግር ይመላለስበታል፤ ጤዛ ወይም ዝናብ ሲነካው ግን ውሃው በትልሞቹ ላይ ቀጭን ንጣፍ ሆኖ ይዘረጋልና እግር አይቆምበትም። ከከንፈሩ በታች በብዙዎቹ ዘንድ እንደ ሰም ያለ ዱቄት የተቀባ ግድግዳ አለ፤ ወድቆ ለመውጣት የሚታገለውን ይህ ይመልሰዋል። ከሥር ያለው ፈሳሽ ኮምጣጣ ነው፤ ሥጋን የሚያሟሙ ኢንዛይሞችም አሉበት። ሐረጊቱ ከዚያ በተለይ ናይትሮጂንን ትመጥጣለች፤ የምትበቅልበት አፈር ዝናብ ያጠበው ድኻ አፈር ነውና ሥሯ የሚበቃትን አያገኝላትም።

ከሁሉ ይልቅ የምታስገርመው በቦርኔዮ፥ ከፍታው 4,095 ሜትር በሆነው በኪናባሉ ተራራና በአቅራቢያው ብቻ የምትገኘው ራጃህ የተባለችው ናት። እንግሊዛዊው ሂው ሎው ያገኛት በ1858 ዓ.ም. ነው (ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጽፋለን)፤ ጆሴፍ ሁከርም በማግስቱ ዓመት በስሟ ጠርቶ ገለጣት። ገንቦዋ ከ2 ሊትር በላይ ይይዛል። የሎው የጉዞ ጓደኛ ስፔንሰር ሴንት ጆን በ1862 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ በአንዱ ገንቦ ውስጥ አይጥ ሰጥማ መገኘቷን ጻፈ። ከዚያ ወዲህ «አይጥ በላተኛዋ ተክል» እየተባለች ተወራች።

ነገሩ ሲመረመር ግን ሌላ ሆኖ ተገኘ። ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ የታተሙ ምርምሮች እንዳስረዱት፥ የራጃህና የሎዊ ገንቦ ዋና ደንበኛ ቱፓያ የምትባል ሽኮኮ መሰል ትንሽ አውሬ ናት። ቱፓያ በገንቦው አፍ ላይ ወጥታ ከክዳኑ ሥር ያለውን ወለላ ትልሳለች። ከአፉ እስከ ወለላው ያለው ርቀት ከአካሏ ርዝመት ጋር ይስማማልና ስትልስ ኋላዋ ልክ በገንቦው አፍ ላይ ይውላል፤ ዓይነ ምድሯንም በዚያ ትጥላለች። የጎለመሰችው ሎዊ በቅጠሏ ካለው ናይትሮጂን ከግማሽ የሚበልጠውን የምታገኘው ከዚህ ነው። የራጃህን ገንቦ የተራራው አይጥም ይጎበኘዋል። እንግዲህ ያቺ የሰጠመችው አይጥ የዕለት ምግብ ሳትሆን እግሯ የከዳት ደንበኛ ነበረች ማለት ነው። ሄምስሌያና የተባለችው ደግሞ በገንቦዋ ውስጥ ትንሽ የሌሊት ወፍ ታሳድራለች፤ ኩሱም ይመግባታል።

ስሟም ታሪክ አለው። በማዳጋስካር የፈረንሳይ አገረ ገዥ የነበረው ፍላኩር በ1658 ዓ.ም. ስለ ተክሏ ጽፎ ነበር። ኔፔንቴስ ያላት ግን ሊኔዎስ ነው፤ በ1737 ዓ.ም. ይህን ስም የወሰደው ሆሜር እንደ ተረከው ሄለን ኀዘን ለማስረሳት በወይን ከጨመረችው መድኃኒት ነው። ረጅም መንገድ የደከመ መርማሪ ይህችን ሲያይ ድካሙን ይረሳል ማለቱ ነው። በማሌዥያ ያሉ ሰዎች ግን «የዝንጀሮ ድስት» ይሏታል፤ አምፑላሪያ በምትባለው ዓይነት ገንቦም ሩዝ ይቀቅሉበታል። የሕዝቡ ስም ከሊቁ ስም ይልቅ የሚጥመን ለዚህ ነው።

የዱር ምንጠራና የሰብሳቢዎች እጅ ብዙዎቹን ዓይነቶች አሳንሷቸዋል። የኪናባሉ ተራራ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ የተጠበቀ ፓርክ ነው፤ ከዱር የተነቀለች ራጃህን ለንግድ ከአገር ወደ አገር ማሻገርም በዓለም አቀፍ ስምምነት የተከለከለ ነው። ጥንቃቄው የበዛው በምክንያት ነው። የኔፔንቴስ ወንዴና ሴቴ አበባ በአንድ ተክል ላይ አይወጡም፤ አንዲቱ ሐረግ ወንዴ፥ ሌላይቱ ሴቴ ናት። በአንድ ተረተር ላይ ያሉት ጥቂት ሴቴዎች ከተነቀሉ ወንዴዎቹ በየዓመቱ ቢያብቡም ንፋስ የሚወስደው ዘር አይገኝም።