«ሆዱን ነፍቶት ነው» ከማለታችን በፊት

የሰባት ወር ሕፃን ነው። ደህና ሲጫወት ውሎ ድንገት ይጮኻል፤ ጉልበቱን ወደ ሆዱ ይሰበስባል። ከደቂቃዎች በኋላ ዝም ይልና ይፈዛል። ጥቂት ቆይቶ እንደገና ይጮኻል። እናት ስትደነግጥ፣ ብዙ ልጅ ያሳደጉት አያት «ሆዱን ነፍቶት ነው፤ ያልፍለታል» ይላሉ።

ብዙ ጊዜ አያት ልክ ናቸው። አንዳንዴ ግን ሕመሙ የአንጀት መዘጋት ይሆናል፤ እሱ ደግሞ እስከ ነገ አይጠብቅም።

አንጀት ሲዘጋ ምግብ፣ ፈሳሽና አየር ወደ ታች ማለፍ ያቅታቸዋል። ከተዘጋው ቦታ በላይ ያለው አንጀት ይነፋል፤ የተጠራቀመው ፈሳሽ በትውከት ይመለሳል። የአንጀቱ ደም ሥር ከታነቀ ደግሞ ያ ክፍል በሰዓታት ውስጥ ሊሞትና ሊበሳ ይችላል።

መንስኤው እንደ ዕድሜ ይለያያል። በሕፃናት ላይ በብዛት የሚታየው አንዱ የአንጀት ክፍል ወደ ሌላው ሲገባ ነው፤ የሹራብ እጅጌ ወደ ውስጥ እንደሚታጠፈው ማለት ነው። ደምና ንፍጥ የተቀላቀለበት ሰገራ ስለሚከተል ብዙ ወላጆች ተራ ተቅማጥ ይመስላቸዋል። ከፍ ባሉ ልጆች ላይ የተከማቸ ወስፋት አንጀትን ሊዘጋ ይችላል። ቀደም ሲል ሆዳቸው የተቀደደ ሰዎች፣ በቀዶ ሕክምና የወለዱ እናቶችን ጨምሮ፣ ጠባሳው አንጀታቸውን ሊያጣብቀው ይችላል። ቡአና ዕጢም ሌሎች ምክንያቶች ናቸው። በአገራችን በተለይ በወንዶች ላይ የሚበዛው ደግሞ የትልቁ አንጀት መጠማዘዝ ነው።

ምልክቶቹን እናስተውል፦ እየመጣ የሚሄድ ከባድ ቁርጠት፣ ተደጋጋሚ ትውከት፣ የሆድ መነፋት፣ ሰገራም አየርም አለመውጣት። ሁሉም እስኪሟሉ መጠበቅ አያስፈልግም። ሕፃን አረንጓዴ ካስታወከ ወይም ደም ካስቀመጠው በዚያው ሰዓት ሐኪም ሊያየው ይገባል።

በቤት ውስጥ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ወይም ኮሶ መስጠትና ሆድ ማሸት አደጋውን ያብሰዋል። የሚያስታውክ ሰውም ብላ፣ ጠጣ ተብሎ አይገደድ።

ሆስፒታል ሲደርሱ ሐኪሙ ትውከቱ ምን እንደሚመስል፣ ሰገራና አየር መጨረሻ የወጣው መቼ እንደሆነ፣ ቀድሞ ቀዶ ሕክምና እንደነበረ ይጠይቃል። ራጅ ወይም አልትራሳውንድ ይታዘዛል። በደም ሥር ፈሳሽ ይሰጣል፤ በአፍንጫ በሚገባ ቱቦ የተጠራቀመው ይወጣል። በጠባሳ የተጣበቀ አንጀት አንዳንዴ በዚህ ብቻ ይከፈታል። ሕፃኑ ቶሎ ከደረሰ በፊንጢጣ በሚገባ አየር ወይም ፈሳሽ አንጀቱን ወደ ቦታው መመለስ ይቻላል። የተጠማዘዘው ትልቁ አንጀትም በፊንጢጣ በሚገባ ቱቦ ሊፈታ ይችላል፤ ሆኖም ተመልሶ የመጠማዘዝ ዕድሉ ሰፊ ስለሆነ ብዙ ጊዜ የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ይከተላል። «ተሻለኝ» ብሎ ቀጠሮውን መተው አይገባም።

አንጀቱ ሳይሞት የደረሰ ሕመምተኛ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ጤናው ይመለሳል። የሞተ ክፍል ካለ ግን ተቆርጦ ይወጣል፤ አንዳንዱም ለተወሰነ ጊዜ በሆዱ በኩል በከረጢት ይጸዳዳል። ዘግይቶ የመጣው ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል።

አባቶች ቡአቸውን፣ አያቶች የሆድ ድርቀታቸውን በኀፍረት ይደብቃሉ። ልጆች ቀስ ብለው ይጠይቋቸው። አያቶችም በቤቱ የሚሰማ ቃል አላቸውና፣ በዚያች ሌሊት «ያልፋል» ከማለት ይልቅ «ተነሡ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ» ይበሉ።