«ሥሩ ወጣ»

ጆርጂያዊው ሐኪም ዶክተር ሜራብ እ.ኤ.አ. በ1910 አዲስ አበባ ውስጥ ፋርማሲ ከፍተው ስሙን «ጆርጂያ» አሉት። ለትውልድ አገራቸው ነው የሰየሙት፤ የአራዳ ሰው ለጊዮርጊስ ታቦት መስሎት ከነበረ ግን አይፈረድበትም። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎም የፋርማሲ መደርደሪያና የሰፈር መድኃኒት ጎን ለጎን ይኖራሉ። ከፒያሳ ለቆዳው ቁስል የታዘዘለትን ቅባት ገዝቶ የሚመለስ ሰው ደጃፉ ላይ «ቁልቋል ብትነካካበትስ?» የምትል ጎረቤት አያጣም።

ቁልቋል ሲሰበር ነጭ ወተት ያወጣል። ዐይን ከነካ ያቃጥላል፤ የማየት አቅምንም ሊጎዳ ይችላል። የቅንጭብ ወተትም እንዲሁ ነው። ቆዳ ላይ ሲያርፍ ይለበልባል፣ ያቆስላል፣ ቁስሉም ቅርፊት ይይዛል። ቅርፊቱ ሲረግፍ አብሮት ጠቆር ያለ ነገር ይነሣል። ያኔ ነው «ሥሩ ወጣ» የሚባለው።

የወጣው ግን የተቃጠለ ቆዳ ነው። ኪንታሮት የሚኖረው በቆዳው የላይኛው ሽፋን ስለሆነ፣ ላዩ ሲቃጠል አንዳንዴ አብሮ ይጠፋል፤ የቁልቋል ዝናም የመጣው ከዚህ ሳይሆን አይቀርም። ካንሰር ግን ወደ ታችና ወደ ጎን ይሰርጋል። የሚያቃጥል ነገር ደግሞ ጤነኛውን ከታመመው አይለይም፤ የነካውን ሁሉ ይበላል፣ ያልደረሰበትን ይተዋል። ከላይ ጠባሳው ሲገጥም ሰውየው ድኛለሁ ብሎ ይቀመጣል፤ የተረፈው ካንሰር ከጠባሳው ሥር ማደጉን ይቀጥላል።

ይህ የእኛ ብቻ ጉዳይ አይደለም። ምዕራባውያን «ጥቁር ቅባት» የሚሉት አላቸው፦ ቀይ ፈሳሽ ያለው የሰሜን አሜሪካ ተክል ሥር፣ ከዚንክ ክሎራይድ ጋር ተለውሶ። ፌል የተባለ አሜሪካዊ በ1850ዎቹ ለንደን ውስጥ የጡት ካንሰርን በዚህ ሊያክም ሞክሯል። የሚገርመው፣ ይኸው ልውስ ወደ እውነተኛ ሕክምናም ገብቷል። በ1930ዎቹ ዊስኮንሲን ውስጥ ዶክተር ፍሬደሪክ ሞስ ዕጢውን በዚንክ ክሎራይድ ልውስ አድርቀው ስስ አድርገው ይቆርጡና በማይክሮስኮፕ ያዩት ነበር፤ ካንሰር ከቀረ ደግመው ይቆርጣሉ። ቁም ነገሩ ያለው ማይክሮስኮፑ ላይ ነበር። ኋላ ልውሱ ቀረ፣ ዘዴው ግን እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ጥቁር ቅባት የሚሸጡ ሰዎች የሚያወሱት ልውሱን ብቻ ነው።

የቁልቋል ወገን የሆነ አንድ ትንሽ አረምም ላቦራቶሪ ገብቶ ነበር። ከወተቱ ተጣርቶ የተሠራው ፒካቶ የተባለ ቅባት እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ ተፈቀደ፤ ፀሐይ ያበላሸውንና ገና ካንሰር ያልሆነውን ቆዳ ለማከም ነበር። በ2020 አውሮፓ ውስጥ ከገበያ ወጣ። ቅባቱን በተጠቀሙ ሰዎች ላይ የቆዳ ካንሰር በዝቶ በመታየቱ ነው። መጠኑ በትክክል የተለካው እንዲህ ከሆነ፣ በቢላ ከተሰበረ ቁልቋል ላይ በጣት የሚጠረገው ምን ሊባል ነው?

በአገራችን የቆዳ ካንሰር ራሱን መደበቅ ይችላል። ሜላኖማ የሚባለው ውስጥ እግር ላይ ሲወጣ እሾህ የወጋው ወይም ጫማ የላጠው ይመስላል። ሌላ ዓይነት የቆዳ ካንሰር ከድሮ የእሳት ጠባሳ ወይም ለዓመታት ካልዳነ ቁስል ይነሣል። አልቢኒዝም ያለባቸው ሰዎች ደግሞ ከፀሐይ የሚከላከላቸው ቀለም ስለሌላቸው ገና በወጣትነታቸው ሊያዙ ይችላሉ።

ካንሰሩን ከሌላ ቁስል ለመለየት ባዮፕሲ ያስፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ ከምስር ፍሬ የማይበልጥ ሥጋ ነው የሚወሰደው። በሥጋ ደዌ ሕክምና የሚታወቀው አለርት ሆስፒታልም ሆነ ጥቁር አንበሳ የቆዳ ሐኪሞች አሏቸው። ቁልቋል የተቀባ ቁስል ሲመጣላቸው ግን ናሙናው ላይ የቃጠሎውና የበሽታው ምልክት ይደባለቅባቸዋል። ስለዚህ «ምን ቀብተህበት ነበር?» ብለው ይጠይቃሉ። አፍሮ «ምንም» የሚል አለ። ቅጠሉን ወይም ብልቃጡን ይዞ የመጣ ሰው ሥራቸውን ያቀልላቸዋል።